ከጽዱ ሥር ያሉት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ የወጣ መንገደኛ፣ ደጀንን ካለፈ በኋላ ዐይኑን የሚያሳርፍበት ያጣል። አገሩ ሜዳ ነው። ጤፉና ስንዴው እስከ አድማስ ይዘረጋል፤ ወደ ሰሜን ሲያዩ ጮቄ ደመና ተከናንቦ ይታያል። ወደ ሉማሜ ሲቃረቡ ግን በሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ጉብ ጉብ ብሎ ይወጣል። ለእንግዳ ዛፍ ነው። ያገሩ ሰው ግን አውቶቡስ ውስጥ እንደተቀመጠ ቆቡን አውልቆ ያማትባል፤ ለምን ቢሉት «ሚካኤል ነው» ወይም «ማርያም ናት» ብሎ በአገጩ ወደ ዛፉ ይጠቁማል።

ያ ዛፍ የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። በመካከሉ ታቦቱ አለ፣ በዙሪያው ደግሞ የመንደሩ ሰው ከአያት ቅድመ አያቱ ጀምሮ ተኝቷል። ታሪካዊ ቤተ ክርስቲያን ለማየት የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን አይቶ ሁለተኛውን ረግጦት ይመለሳል። ክፋት የለበትም፤ እንዴት እንደሚታይ የነገረው ስለሌለ ነው።

ሕንፃውን ማየት አያስቸግርም። የጎጃም የገጠር ቤተ ክርስቲያን እንደ ልማዱ ክብ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ሦስት ክፍል አለው፤ ደብተራዎች የሚዘምሩበት ቅኔ ማኅሌት፣ ቆራቢዎች የሚቆሙበት ቅድስት፣ ከካህናት በቀር ማንም የማይገባበት መቅደስ። ከላይ ጉልላቱ ላይ የሰጎን እንቁላል ይሰካል። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል ይሞላል፤ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ በላዔ ሰብእ በጥርኝ ውኃ ሲድን፣ በአንዱ ጥግ ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ እጁን ዘርግቶ ተደፍቶ ይታያል። መጋረጃውን የሚገልጡ፣ ታሪኩን የሚናገሩ ቄሰ ገበዝ አሉ።

መቃብሩ ግን ባለታሪክ የለውም። ከሕንፃው ጀርባ፣ ከጽዱና ከወይራው ሥር፣ ከሩቅ ሲያዩት ከማሳ ተለቅሞ የተጣለ የሚመስል ድንጋይ አለ። ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ሥርዓት እንዳለው ያስተውላል። ድንጋዩ የተደረደረው በሰው ቁመት ልክ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ሟች ራሱን ወደ ምዕራብ፣ እግሩን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ይቀበራል፤ በትንሣኤ ቀን ቀና ሲል ጌታ በሚመጣበት አቅጣጫ ፊቱ እንዲሆን። የድርድሩ መሐል ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለ መቃብሩ አሮጌ ነው፤ አስከሬኑ የተጠቀለለበት ሰሌን ወይም ሣጥኑ በስብሶ አፈሩ ወርዷል። አንዳንዱ ድርድር ከአንድ ክንድ ተኩል አይበልጥም፤ የሕፃን ነው፣ ያውም ክርስትና የተነሣ ሕፃን። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በአጸዱ ውስጥ አይቀበሩም ነበርና። በድንጋዩ ላይ የዛፍ ሽበት ወርዶበታል፣ ከስንጥቁ የጽድ ችግኝ በቅሏል። በድንጋዩ ላይ ግን ፊደል የሚባል የለም፤ ስምም ቀንም አልተጻፈበትም።

የውጭ አገር ጎብኚ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። በአውሮፓ አሮጌ መካነ መቃብር መጎብኘት ማለት ድንጋይ ማንበብ ነው፤ ማን መቼ ተወለደ፣ መቼ ሞተ፣ ማን አለቀሰለት። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስንት ሊቅ አፍርተዋል። እንዲህ ያለ አገር ሙታኑን ያለ ጽሑፍ ያስተኛው ፊደል አጥቶ ሊሆን አይችልም።

ነገሩ ሌላ ነው። ስሙ በድንጋይ ላይ ሳይሆን በጸሎት ውስጥ ነው የሚቀመጠው።

አንድ ሰው ሲሞት ጎረምሶች ጉድጓድ ይቆፍራሉ፤ አስከሬኑ በቃሬዛ ተይዞ ከቤት እስከ ደጀ ሰላም ሰባት ጊዜ እያረፈ፣ በየምዕራፉ መጽሐፈ ግንዘት እየተነበበለት ይሄዳል። ከዚያ ሰልስቱ፣ ሰባቱ፣ ዐሥራ ሁለቱ፣ ሠላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ፣ ሰባት ዓመቱ ይቀጥላል። በነዚህ ሁሉ ካህኑ የሟቹን ስም ይጠራሉ። የሚጠሩት ስም ግን መንደሩ የሚያውቀውን አይደለም። ተሰማ ወይም አበበ ሲባል የኖረው ሰው በመቃብሩ ላይ ወልደ ማርያም ነው፤ ጥሩነሽ ወለተ ሚካኤል ናት። የክርስትና ስም ነው። ሰው በቁሙ ዕድሜውን ሙሉ ብዙም የማይጠራበት ስም ሲሞት ዋና ስሙ ይሆናል፤ ያን የሚያውቁት እናቱ፣ ክርስትና አባቱና የንስሐ አባቱ ናቸው። ለዚህ ነው ከፍትሐት በፊት ካህን ወደ ቤተሰቡ ጠጋ ብሎ በጆሮ የሚጠይቀው።

የትልልቆቹም ነገር ከዚህ አይርቅም። ከሉማሜ ወደ ምዕራብ መንገዱን ይዞ የቀጠለ ሰው ደብረ ማርቆስ ይገባል። ከተማዋ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ስትቆረቆር ስሟ መንቆረር ነበር። ኋላ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ የደብሩ ስም የከተማውን ስም ዋጠው፤ ዛሬ መንቆረር የሚሉት አዛውንትና የታሪክ መጻሕፍት ናቸው። ንጉሡ ራሳቸውም ባለ ብዙ ስም ነበሩ። ተወልደው ያደጉት አዳል ተሰማ ተብለው ነው፤ በፈረስ ስማቸው አባ ጠና ይባላሉ፤ ዐፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. በጎጃም ላይ ሲያነግሧቸው ተክለ ሃይማኖት ሆኑ። በ1893 ዓ.ም. እስኪሞቱ የተጠሩት በዚሁ ነው። አንድ ሰው፣ ሦስት ስም። መቃብር ላይ የቱ ይጻፍ?

በዚያ ዘመን ከጎጃም ተነሥተው ወደየአጸዳቸው ያልተመለሱ ብዙ ናቸው፤ አጸዱን የሚጎበኝ ሰው በዚያ ያሉትን ብቻ ሳይሆን የሌሉትንም ማሰብ አለበት። በግንቦት 1874 ዓ.ም. ንጉሡ ዓባይን ተሻግረው ሆሮ ጉድሩ ውስጥ እምባቦ ላይ ከምኒልክ ጋር ሲዋጉ ተማረኩ፤ የወደቀው ሠራዊት እዚያው ቀረ። በ1880 ዓ.ም. ሣር ውኃ ላይ ከሱዳን መሐዲስቶች ጋር ሌላ ውጊያ ሆነ፤ የተሸነፈው የጎጃም ጦር አስከሬኑን ሰብስቦ ለመመለስ ጊዜ አልነበረውም፣ ድል አድራጊዎቹም ገስግሠው ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ወዲያው ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ ረገፈ፤ በሬ ያጣ ገበሬ አላረሰም፣ ያላረሰ አልበላም፤ ረኃቡን ኮሌራና ፈንጣጣ ተከተሉት። በዚያ ወቅት ለስንቱ ሰባት ምዕራፍ ተነበበ? ስንቱስ በቃሬዛ ሄደ? ከአሮጌ አጸዶች ዳር ድርድር የሌለው፣ ሣር ብቻ የሸፈነው ባዶ መሬት ሲታይ ባዶ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

እንግዲህ መቃብሩ ዝም ካለ የሚናገር ሌላ ነገር አለ፤ ብራናው። የምሥራቅ ጎጃም አድባራት፣ መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ፣ በወንጌላቸውና በሌላው መጽሐፋቸው ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ የርስቱን፣ የጉልቱን፣ የሽያጩን ውል ሲጽፉ ኖረዋል። ማን ለማን መሬት ሰጠ፣ ምስክሮቹ እነማን ነበሩ፣ ዳኛው ማን ነበር፤ ከመኳንንቱ ሌላ ተራው ሰውም በስሙ ይገኛል። ዶክተር ሀብታሙ መንግሥቴን የመሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች የአካባቢውን የመሬት ታሪክ የመረመሩት ከነዚህ ጽሑፎች ነው። ድንጋዩ ሥር የተኛው ሰው ስሙ የት እንደሆነ ለሚጠይቅ ጎብኚ አንዱ መልስ እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተሰቅሎ ይገኛል። እርግጥ ዕቃ ቤት ለማንም አይከፈትም፤ ሊከፈትም አይገባም።

በመቃብር ላይ ስም ማኖር፣ ከፍ ሲልም አስከሬን ማሳየት፣ በአማራ ምድር በአብዛኛው ለነገሥታት የተተወ ነበር። ጣና ሐይቅ ላይ ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ፋሲል እንዳረፉበት አባቶች ይናገራሉ፤ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ያሉትን ለሄደ ጎብኚ ያሳያሉ። ሴት ግን ወደ ደሴቱ አትገባም። በላስታ ደግሞ በዋሻ ውስጥ ከተሠራው ከይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ የብዙ ሰው ዐፅም ተከምሮ ይታያል፤ እዚያ ለመሞት ከሩቅ የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው ይባላል። የነሱንም ስም የሚያውቅ የለም።

ስም በድንጋይ ላይ በብዛት የሚነበበው አዲስ አበባ ነው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የገባ ሰው የአገሪቱን መቶ ዓመት በእግሩ ይሄድበታል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1967 ዓ.ም. ሞተው፣ ከሥርዓት ለውጡ በኋላ ዐፅማቸው ተገኝቶ፣ በበዓታ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ተቀምጦ፣ በመጨረሻ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ከእቴጌ መነን አጠገብ ያረፉት እዚያ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በደርግ የተረሸኑት ባለሥልጣናት እዚያ ናቸው። ለኢትዮጵያ ነጻነት በእንግሊዝ አገር ጋዜጣ አቋቁማ የታገለችው ሲልቪያ ፓንክረስት በ1953 ዓ.ም. ስትሞት በዚሁ ግቢ ተቀብራለች፤ ለፍትሐቷም ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣት። ስሟ በለንደን አደባባይ ስንት ጊዜ የተጠራ ሴት ናት፤ ወደ አፈር ስትገባ ግን እንደ ማንኛዋም የሉማሜ ባልቴት በክርስትና ስም ተሸኘች።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው የሰየሙት የዚህ አገር ልጅ በመሆናቸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ተወልደው፣ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምረው ያደጉ ናቸው። እንደሳቸው ያለ የቆሎ ተማሪ ማደሪያው የአጸዱ ዙሪያ ነው። ጎጆውን ቀልሶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ይበላል፤ ሌሊት ቅኔ የሚቆጥረው መቃብር መሐል ተቀምጦ ነው። ለእንዲህ ያለ ልጅ መቃብር የሚፈራ ቦታ አይደለም፤ ጎረቤቱ ነው።

የክርስትና ስም የጠራለት ወገን ሳያገኝ ከአገር ርቆ የቀረም አለ። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ፣ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ፤ ንግሥት ቪክቶሪያ በዊንድዘር ግንብ በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት እንዲቀበር አደረጉ። ስሙ በናስ ተቀርጾ ግድግዳው ላይ አለ። ዐፅሙ ለአገሩ ይመለስ ተብሎ ሲለመን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሰጠው መልስ፣ በዚያ ያረፉትን ሌሎች ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነው። የሉማሜ ገበሬ ስም የሌለው ድንጋይ ሥር ከአባቱ ጎን ተኝቷል፤ ልዑሉ ስሙ በናስ ተጽፎለት በባዕዳን መሐል ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጎጃም ውስጥ መልሱ የሚያከራክር አይመስልም።

ስለ ዛፎቹ ሳይነገር ስለ አጸድ ተነገረ አይባልም። በሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ የጥንቱ ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን የተረፈው በአብዛኛው እዚሁ ነው፤ ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ኮሶ። ሰዉ ያልቆረጠው የታቦት ዛፍ ስለሆነ ነው፤ ዘመዱ ከሥሩ የተኛ ስለሆነም ነው። «እመጓ» እና «ዝጎራ» በተባሉ መጻሕፍቱ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ተመራማሪ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን መርምሮ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ችግሩንም አይቷል፤ ከብት እየገባ ችግኙን ይግጠዋል፣ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ያመጣው መፍትሔ ካህናቱም ገበሬውም የተቀበሉት ነው፤ ማሳውን ያስቸገረውን ድንጋይ ለቅሞ በደኑ ዙሪያ ካብ መካብ። ማሳው ይጸዳል፣ ደኑም ይታጠራል።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። ሲሚንቶ ነው። በከተማ ሠርቶ ያገኘ ልጅ፣ ውጭ አገር ያለች እህት፣ ለአባታቸው የሚገባውን ሊያደርጉ ገንዘብ ይልካሉ፤ በእምነበረድና በሴራሚክ ያሸበረቀ፣ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት፣ በብረት የታጠረ መቃብር ይሠራል። ልጆቹን ማንም አይወቅስም፤ ፍቅራቸው ነው። ግን ለእሱ ቦታ ለመክፈት ከሥሩ ያሉ ሦስት አራት የድንጋይ ድርድሮች ይነሣሉ፣ አንድ ጽድ ይቆረጣል፣ አሸዋ የጫነው መኪና እስኪገባ ካቡ ይፈርሳል። አሮጌው ክብ ቤተ ክርስቲያን ጠበበን ተብሎ ትልቅ ሕንፃ ሲታነጽም ነገሩ ይኸው ነው። መሠረት ሲቆፈር ዐፅም ይወጣል፤ ካህናቱ ፍትሐት አድርሰው በአንድነት ያሳርፉታል። ሥርዓቱ ተጠብቋል፤ ግን የማን አያት የት እንደነበረ ከዚያ በኋላ የሚያውቅ አይኖርም።

ይህ የጎጃም ብቻ ችግር አይደለም። ለንደን ውስጥ በቅዱስ ፓንክራስ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን መቃብር በኩል በ1860ዎቹ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የባቡር ሐዲድ ሊያልፍ ሆነ። ዐፅሙ ሲነሣ ሥራውን ይቆጣጠር ከነበሩት አንዱ ያኔ ወጣት የሕንፃ ባለሙያ የነበረው ኋላ ታዋቂ ደራሲ የሆነው ቶማስ ሃርዲ ነው። ከመቃብሩ የተነሡት ድንጋዮች እንደ ጨረር ተደርድረው፣ በመሐላቸው የበቀለ ዛፍ ሥሩ በመካከላቸው እየገባ አድጎ፣ ዛፉ በደራሲው ስም «የሃርዲ ዛፍ» ተባለ። ሰው ከሩቅ እየመጣ ያየው ነበር። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ነፋስ ጣለው። ድንጋዮቹ ቀርተዋል፤ ከሥራቸው ግን የሚጠብቁት ሰው የለም።

ሉማሜ ዙሪያ ያሉት አጸዶች ገና እንዲህ አልሆኑም፤ ጊዜው ግን አጭር ነው። እያንዳንዱን ድርድር «ይኼ የእገሌ ነው፣ ያ ደግሞ የወንድሙ ነው» እያሉ በበትራቸው የሚያሳዩ አዛውንት በየደብሩ ጥቂት ቀርተዋል። የአንድ ደብር ሰንበት ተማሪዎች ደብተርና እርሳስ ይዘው ከነዚህ አዛውንት ጋር ሁለት ቅዳሜ ቢውሉ፣ የአጸዱን ካርታ ስለው በየድርድሩ ሁለቱንም ስም፣ የመጠሪያውንም የክርስትናውንም ቢጽፉ፣ ከማንኛውም እምነበረድ ይበልጣል። ወጪውም የአንድ ደብተር ዋጋ ነው። ደብተሩም ከወንጌሉ ጎን ዕቃ ቤት ይቀመጣል።

ለመጎብኘት የሚነሣ ሰው መስከረምን ወይም ጥቅምትን ቢመርጥ ጥሩ ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ይደርቃል፣ አደይ አበባ ካቡን ተከትሎ ይፈካል። ነጠላ መያዝ፣ ከደጀ ሰላሙ ላይ ተሳልሞ መግባት፣ ከሁሉ በፊት ቄሰ ገበዙን መፈለግ ያስፈልጋል። ጧፍ ወይም ዕጣን ይዞ የሄደ ባዶ እጁን አልሄደም። ፎቶ ለማንሣት ፈቃድ ይጠየቃል። በድንጋይ ድርድር ላይ አይቀመጡም፣ በመካከሉ ሲያልፉ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ማለት ያገር ወግ ነው፤ የማን መሆኑን ማወቅ አያስፈልግም።

ጎብኚው ቅዳሴ ሲወጣ ከደረሰ አንድ ነገር ሊያይ ይችላል። ሕዝቡ ጸበሉን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ሲበተን፣ አንዲት ሴት ከመሐል ተለይታ ወደ አጸዱ ትሄዳለች። ከጽዱ ሥር የሰረጎደ ድርድር ጋ ትደርሳለች፤ ከቦታው የተንከባለለውን ድንጋይ አንሥታ ትመልሳለች፣ ሣሩን በእጇ ትነጫለች። ሙት ዓመት ነው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከኋላዋ ይመጣሉ፤ መጽሐፉን ከመግለጣቸው በፊት ጎንበስ ይሉና «ክርስትና ስሙ ማን ነበር፣ ልጄ?» ይሏታል። ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ ቀስ ብላ ትነግራቸዋለች።